የኋላ ጎማ ወዛደር ነው ለተባለበት ውሳኔ የቀረበ ምስጋና

ሐምሌ 1974 ዓ.ም.
ጅማ

ለጓድ ዓለምብርሃን
የከተማችን የጎማና የመለዋወጫ እደላ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ስለ ጎማ ልክና ስለ ባለቤቴ

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ሰላምታዬ ከዚህ ክረምት ጭቃ ተርፎ ደጅዎ ድረስ እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የቀኝ ትከሻዎ ከተሰበረበት ድኖ፣ በየስብሰባው እንደ ዱሮዎ ሁለቱንም እጅዎን እያወናጨፉ መናገር መጀመርዎን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም። ባለቤትዎ ደህና ይሁኑ፣ ልጆችዎ ይደጉ፣ የኮሚቴው አባላት በያሉበት ይክበሩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ እረፍት የሚሠራውን የኮሚቴውን ማኅተም ጤና ይስጠው።

እኔ ፋንቱ እባላለሁ፤ ሄርማታ ሰፈር የምኖር የአራተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አሻጥረኛ ነው ብለው ያሳሰሩት ሹፌርዎ ጣሰው ባለቤቴ ነው። ይህን ደብዳቤ አሽጌ በመላክ ፈንታ እዚሁ ጅማ መርካቶ፣ ከእህል ተራው ፊት ለፊት ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ፖስታ የሚቀድበት ጊዜ ቢያጣ አይፈረድበትም ብዬ ሳይቀደድ የሚነበብ ላዘጋጅልዎ አሰብኩ። ከዚህ በኋላ ለሚመጣብኝም ነገር ብርድ ልብሴን አጣጥፌ በር ሥር አስቀምጫለሁ፤ የሚልኳቸውን ሰዎች ዝናብ ላይ እንዳላስጠብቃቸው ብዬ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሰው ይፈታ። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ቁጥር የሌለው ነገር አያነብም ይባላልና። ቁጥር ያለውንም ቢሆን ግማሹን ብቻ እንደሚያነብ ግን ወደ ታች ማስረዳቴ አይቀርም።

አንደኛ። ለመኪናችን ስለሰጧት ክብር አመሰግናለሁ።

አልፋ ሮሜዮዋን መጀመሪያ ሲያዩዋት የፊውዳል መጫወቻ ብለዋት ነበር፤ ብዙም አልተሳሳቱም። ለሚያያት አራት በር ያላት ጨዋ የቤት መኪና ትመስላለች እንጂ፣ ከአብዮቱ በፊት በየተራራው ይደረግ በነበረው የመኪና ውድድር እኔና ጣሰው የተሰለፍንባት እሷ ናት። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ካርታዬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የሚመጣውን መጠምዘዣ እነግረዋለሁ። አንደኛ ሆነን አናውቅም፤ ከመንገድ ወጥተንም አናውቅም። መጫወቻዋ ሰቃ ከተማም ሆነ አጋሮ ከኮሚቴው ላንድሮቨር ቀድማ እንደምትደርስ በታወቀ ጊዜ ግን፣ በአንድ ስብሰባ የአብዮቱ አገልጋይ ተብላ ከነሹፌሯ ተመዘገበች። ከመደብ ወደ መደብ እንዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተሻገረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እርስዎም የፊት ወንበር ላይ ተመቻችተው ሲቀመጡ ያለፈ ታሪኳን አለማንሳትዎ የልብዎን ስፋት ያሳያል።

ሁለተኛ። ስለ ቁጥር አነባበብዎ አመሰግናለሁ።

የመኪናይቱ ሁለት ጎማዎች ተልጠው ሽቦ ሲታይባቸው፣ የቀሩት ሁለቱም ወደዚያው ሲያዘግሙ፣ ጣሰው በደንቡ መሠረት አራት ጎማ እንዲታደለው አመለከተ፤ ልኩንም «165 በ14፣ ራዲያል» ብሎ ጻፈ። ተማሪዎቼን እንደማስተምር አድርጌ ባስረዳዎ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ከጎን እስከ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ ይናገራል። ሁለተኛው የሚገባበትን ቸርኬ ልክ ይናገራል። ራዲያል ማለት ደግሞ ውስጡ ያለው ክር ከጎን ወደ ጎን በቀጥታ የተዘረጋ፣ መጠምዘዣ ላይ ጎኑ እየተለጠጠ ፊቱ መሬት የማይለቅ ጎማ ማለት ነው። ሦስቱ ባንድነት ካልተነበቡ ጎማው አልተነበበም። መኪና ፈጣን በሆነች ቁጥር ደግሞ ይህ ነገር ቅንጦት መሆኑ ይቀርና የነፍስ ጉዳይ ይሆናል፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጎለብት፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢይዝ፣ መሬት የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ያረፈ ጎማ ብቻ ነውና።

ትልቅና ሰፊ ጎማ ዓይን ይሞላል፤ ይህን አልክድም። በውድድሩ ዘመን አንድ የሀብታም ልጅ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት በሆነች መኪና ላይ የማይመጥናትን ሰፊ ጎማ አስገጥሞ መጣ፤ ሰውም መኪናችንን ትቶ የእሱን ከብቦ ፎቶግራፍ ሲነሳ ዋለ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አልፎን ሄደ፤ ዝናቡ ከመጣ በኋላ ገደል አፋፍ ካለ ቦይ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጋራ ሲያጨስ አገኘነውና ጃንጥላ ሰጥተነው አለፍን። ጣሰው ያን ቀን «የራሷን ጫማ ቢሰጣት ኖሮ ታደርሰው ነበር» አለ።

እርስዎ ግን ከተጻፈው ሁሉ አሥራ አራትን መረጡ። መደብሩ ውስጥ ለኮምቢ ሚኒባስ የመጣ «7.00 በ14» ጎማ ተከምሮ ነበርና፣ «አሥራ አራት ከአሥራ አራት ጋር እኩል ነው፤ አብዮቱ በእኩሎች መካከል ልዩነት አያደርግም» ብለው ወሰኑ። አሥራ አራት ከአሥራ አራት ጋር እኩል መሆኑን እኔም ለአራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ወፍራም፣ ከፍ ያለ፣ ክሩ ተሻግሮ የተሠራ የዱሮ ዓይነት ጎማ ከቀጭን ራዲያል ጋር እኩል መሆኑን ግን ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

የእኛ ልክ መደብሩ ውስጥ አልነበረም እንዳልል ነበረ፤ አራት ጎማ፣ ከነወረቀቱ። የመደብሩ ኃላፊ ጓድ ቲጃኒ ጥግ ላይ ተደርድረው አሳየኝና አንገቱን ደፍቶ፣ «ወላሂ እህቴ፣ እነዚህ ለጋሪ ማኅበር ተፈርሞባቸዋል፤ ቀጫጭን ስለሆኑ ለፈረሱ ይቀሉታል ተብሎ ነው። ማላን ጎዳ፣ ምን ላድርግ? እኔ የታዘዝኩትን ነው የማወጣው» አለኝ። ይህን ለእኔ በማሳየቱም ግለ ሒስ እንዲያደርግ ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ ከሄርማታ ወደ መርካቶ የቡና ጆንያ የሚጎትቱ ሁለት ጋሪዎች ለሩጫ መኪና የተሠራ ጎማ አጥልቀው ይሄዳሉ። ፈረሶቹ መጠምዘዣ ላይ በፍጥነት ሲታጠፉ እንዳይንሸራተቱ መታሰቡ፣ እንስሳትን እንኳ የማይረሳ አመራር እንዳለን ያረጋግጣል።

ሦስተኛ። ስለ መደብ ትንታኔዎ አመሰግናለሁ።

ከኮምቢው ጎማ የደረሰን አራት ሳይሆን ሁለት ነበር፤ ለአንድ ባለመኪና ከሁለት በላይ መስጠት ስግብግብነትን ያበረታታል ተብሏልና። ሁለቱ አዲስ ጎማዎች ከፊት ይግቡ ወይስ ከኋላ የሚለው ጥያቄ ስብሰባው ላይ በተነሳ ጊዜ የሰጡትን ማብራሪያ በቦታው ሆኜ ሰምቻለሁ፤ እስክሞት አልረሳውም። «ሞተሩ የሚያሽከረክረው የትኛውን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጣሰው የኋላውን ነው አለ። «በቃ፣ የኋላው ወዛደር ነው! የፊተኛው ወዲያና ወዲህ እያለ መንገድ የሚያሳይ ቢሮክራት ነው። አዲሱ ጎማ ለሚሠራው ይሰጥ!» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መኪና ከተፈለሰፈ ጀምሮ ጎማዎቿ የመደብ ትግል ላይ መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ ይህ ዕድል ለጅማ በመድረሱ ኮርቻለሁ።

ጣሰው ጭብጨባው ጋብ ሲል እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የፊቱና የኋላው ጎማ ዓይነቱ ከተለያየ መጠምዘዣ ላይ ፊቷ መሬት ይዞ ጀርባዋ ይከዳታል። አራቱም አንድ ካልሆኑ እኔ አልነዳትም» አለ። እርስዎም አልነዳም ማለት አብዮቱን ማደናቀፍ እንደሆነ፣ ማደናቀፍም ምን እንደሚያስከትል፣ በአባታዊ ርኅራኄ አስታወሱት። ስለዚህ ነዳ።

አራተኛ። ስለ ፓራፋንጎው፣ ማለትም ስለ ጎማ መከለያው ቆርቆሮ አመሰግናለሁ። ከፍ ያለው ጎማ ጭነት በያዘች ቁጥር የኋላውን ፓራፋንጎ መፋቅ ሲጀምር፣ ጎማው ከሚለወጥ ፓራፋንጎው ይቆረጥ ብለው አዘዙ። ጣሰው በገዛ እጁ ሲቆርጠው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ምሳውን ሳይበላ ተኛ።

በዚያው ላይ አንድ ትንሽ የሒሳብ ነገር ልጨምር። ከፍ ያለ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ የመኪናይቱ ፍጥነት ማሳያ ግን ጎማ እንደተለወጠባት የነገረው የለም። ስለዚህ እሱ ስልሳ ሲል እሷ ስልሳ አራት ትሄዳለች። ይህን የማነሳው በክሱ ላይ «ከልክ ያለፈ ፍጥነት» የሚል ስለተጻፈ ነው፤ ልክ የሚለው ቃል በኮሚቴያችን ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

አምስተኛ። ስለዚያ ቀን።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ሰቃ ውስጥ ወደሚደረገው የቡና ኮታ ስብሰባ ሲሄዱ ከቤትዎ ዘግይተው ወጡ። ምክንያቱን አልጠይቅም፤ የሕዝብ አደራ የተሸከመ ሰው ቁርሱን ረጋ ብሎ መብላት ይገባዋል። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ፒስታው መንገድ ቀይ ሳሙና ሆኖ ነበር። ጣሰው ቀስ ብሎ ሲነዳ «ይቺ ናት እንዴ የውድድር መኪና? ንዳት እንጂ፣ በሬ ነው እንዴ የያዝከው!» እንዳሉት እርስዎ ራስዎ ሆስፒታል ተኝተው ለጠያቂዎችዎ እየሳቁ አውርተዋል፤ ከጠያቂዎችዎም አንዱ ለእኔ አውርቶኛል። ወደ ድልድዩ በሚወርደው መጠምዘዣ ላይ ጣሰው መሪውን ሲያዞር ፊቷ ታዘዘ፤ ጀርባዋ ግን ወዛደርነቱን ረስቶ ከፊቷ ቀድሞ ሊያልፍ ፈለገ። ዞራ ዞራ ቡና ማሳ ውስጥ ገባች። እርስዎ ትከሻዎ፣ ጣሰው ሁለት ጎድኑ ተሰበረ። በዚያ በተሰበረ ጎድኑ እርስዎን ተሸክሞ መንገድ ዳር ያደረሰዎ እሱ መሆኑን መቼም አይረሱትም፤ በክሱ ላይ ያልተጻፈው ቦታ ጠብቦ ነው እንጂ።

ስድስተኛ። ስለ ክሱ ዋና ነጥብ ምስጋናዬ ወደር የለውም። እንዲህ ይላል፦ «ተከሳሹ ጎማው አደገኛ መሆኑን በስብሰባ ላይ በራሱ አንደበት የተናገረ በመሆኑ፣ አደጋውን አስቀድሞ እያወቀ መንዳቱ የአብዮቱን አመራር ለማጥፋት ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን ያረጋግጣል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። አስተማሪ ነኝና የተሳሳተ ሒሳብ ሲመጣልኝ ስሕተቱን መፈለግ ልማዴ ነው፤ እዚህ ግን አጣሁ። ባይናገር ኖሮ አደጋውን ደበቀ ይባል ነበር፤ ስለተናገረ አውቆ ነው ተባለ። ባይነዳ አደናቃፊ ነበር፤ ስለነዳ አሻጥረኛ ሆነ። ኮሚቴው በአራቱም በኩል እኩል የሆነ ነገር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ። ጎድኑ ሳይጠገን ሲሚንቶ ላይ የሚተኛ ባል አለኝ። ሳል ሲመጣበት ግድግዳ ይዞ ነው የሚቆመው። ባለፈው ሳምንት በሽቦው አጥር በኩል ስንገናኝ ስለ ፍርዱ እንደሚጠይቀኝ ጠብቄ የምመልሰውን እያጠናሁ ሄጄ ነበር። እሱ ግን «መኪናዋን ማን እየነዳት ነው?» አለኝ። «ስለ ራስህ አታስብም እንዴ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ዘበኛውም የተጣላን መስሎት ቶሎ አለያየን። እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ያለቀስኩትም ከናፍቆት ይልቅ ከንዴት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ሰው ሊያጠፋ አሰበ ያሉት።

ጉዳዩን የሚያየው ሸንጎ ነሐሴ ሳይገባ ውሳኔ ይሰጣል ተብሏል። ይህን የመሰለ ክስ የቀረበባቸው ሰዎች ወዴት እንደተወሰዱ ከተማው ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ከእርስዎ የምለምነው አንድ መስመር ነው። «ጎማውን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ንዳ ያልኩትም እኔ ነኝ» ብለው ቢጽፉና ማኅተሙን ቢያሳርፉበት ጣሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትከሻዎ ድኗልና መጻፍ አያቅትዎትም።

የአመራርዎ ጥላ ከከተማችን ላይ ምን ያህል እንደከበደ ዘወትር እያስታወስኩ፣ የቀረው ሕመምዎ እንዲለቅዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ፣ ዝቅ ብዬ፣ ድምፄን ሳላሰማ ጽሕፈቴን ግን ከሩቅ እንዲነበብ አጉልቼ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ፋንቱ
የእስረኛው የጣሰው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለጋሪ ማኅበር፣ ጎማዎቹን በክብር እንዲይዙ
ለሁለቱ ፈረሶች፣ እንዲያውቁት
ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ልለጥፍ ስወጣ ግድግዳ ተጋሪዬ ባህሪያ በር ላይ ያዘችኝ። ባሏ ጅብሪል የእህል ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሁለት ሕፃናት አሏቸው። «ፋንቱዬ፣ በአላህ እንዳትቀየሚን፤ እኛ አልጠየቅንም፣ እነሱ ናቸው የመረጡት» አለችኝ እጄን ጨብጣ። አልፋ ሮሜዮዋ ተጠግና ወጥታለች፤ ሹፌሯ ጅብሪል ሆኗል፤ ሐሙስ እርስዎን ይዞ አጋሮ ይሄዳል። ጎማዋስ ብዬ ጠየቅኋት። «አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል ብለው እንደነበረ ትተውታል» አለችኝ።

ሐቁን ልንገርዎ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጅብሪልን ማንም በምንም አይጠረጥረውም። መኪናይቱ በእሱ እጅ ዝናብ ላይ አንድ ጊዜ ብትዞር፣ ጥፋቱ የጎማው እንጂ የጣሰው እንዳልነበረ ያለ ጠበቃና ያለ ምስክር ይታወቃል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ደብዳቤዬን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ምሳዬን በላሁ፤ ጣሰው ከታሰረ ወዲህ እንደዚያ ቀን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ባህሪያ ለሐሙስ የሚሆን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ተነሥቼ ሄድኩና ጅብሪልን፣ ከጋሪዎቹ ላይ አራቱን ጎማ አስፈትቶ አራቱንም እኩል እንዲገጥም፣ ያለዚያ ግን እንዳይነዳ ነገርኩት። «እንደዚያ ብልማ እኔንም እንደ ጋሼ ጣሰው ያደርጉኛል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ እርስዎ ይዘዙት። ሐሳቡ የራስዎ ነው ይበሉ፤ ስብሰባ ጠርተው አስጨብጭበው ይዘዙት፤ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። ያን ካደረጉ ሐሙስ በደህና ሄደው በደህና ይመለሳሉ። ሲመለሱም «ይኸው፣ ሹፌሩ ሲለወጥ መኪናዋ ተስተካከለች» ተብሎ በጣሰው ክስ ላይ እንደሚጨመር አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት፤ ከአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ባሏን የምትጠብቅ ሴት አንድ ትበቃለች።